በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንላለን፤ እንቅርቱ ራሱ ግን ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ «ብርዱ ገደለኝ» ያለን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎ በሚያድርበት ሰሞን፣ ከተማው በሙሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ነው የሚውለው። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ በመስኮቷ በኩል የማየው የሰውን ግማሽ ፊት ብቻ ነው። ታዲያ ከዋና ዋና ምልክቶቹ አንዱ «ይበርደኛል» የሆነ በሽታ እዚህ አገር ቢገባ ማን ይጠረጥረዋል?

አንዲት እናት ከመንዝ መጡ። ጋቢ ደርበዋል፤ ከጋቢው ሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ። ወሩ ሚያዝያ ነው፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፤ አብራቸው የመጣችው ልጃቸው በነጠላ ናት። ፊታቸው አበጥ ብሏል፣ የቅንድባቸው ዳር ሳስቷል፣ ድምፃቸው ጎርንኗል፤ አንዱን ቃል ተናግረው ሌላውን እስኪያመጡ ሰው ያስጠብቃሉ። ማዘዣው ላይ ሌቮታይሮክሲን ይላል።

«እንቅርት ነው አሉኝ» አሉና ጋቢውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አሳዩኝ። «እስቲ እየው ልጄ፤ የቱ ጋ ነው?»

የለም። አንገታቸው ላይ ያለው የልጅነት ንቅሳታቸው ብቻ ነው፣ ሦስት ረድፍ።

«እሱማ እንዳይወጣብኝ ብላ እናቴ ያስነቀሰችኝ ነው» አሉ እየሳቁ።

ጥያቄያቸው ልክ ነበር። «እንቅርት» የሚለው ቃላችን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ተሸክሟል፤ አንደኛው የአንገት እብጠት፣ ሁለተኛው እዚያ ቦታ ላይ የምትገኘው ዕጢ ሥራ መዛባት። ዕጢዋ አብጣ ሥራዋን በደንብ ልትሠራ ትችላለች። ሳታብጥ ሥራ ልታቆም ትችላለች። አብጣ ከልክ በላይ ልትሠራም ትችላለች። አንገት አይቶ ስለ ሥራዋ መፍረድ የጎተራን ውጭ አይቶ ውስጡ ያለውን እህል እንደ መስፈር ነው።

ዕጢዋ ታይሮይድ ትባላለች። ከማንቁርት ዝቅ ብላ የትንፋሽ ቧንቧውን ከፊት አቅፋ የተቀመጠች፣ ክንፏን እንደዘረጋች ቢራቢሮ ያለች ናት። የአዋቂ ሰው ታይሮይድ ከ15 እስከ 25 ግራም ትመዝናለች፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ግማሽ ያህል ማለት ነው። ጤነኛ ስትሆን አትታይም። መስተዋት ፊት ቆመው ቀና ብለው ውኃ ቢጎነጩ፣ ያበጠች ከሆነ ከማንቁርቱ ጋር ወደ ላይ ስትወጣና ስትመለስ ታያታላችሁ። ሌላው የአንገት እብጠት፣ ለምሳሌ የንፍፊት፣ ሲውጡ እንዲህ አይንቀሳቀስም። ጆሮ ደግፍ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ እሱ ከጆሮ ሥር ያለ የምራቅ ዕጢ ሲያብጥ ነው። ተረቱን የተረተው ሰው ሁለቱን በደንብ ለይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ በአንድ አንገት ላይ ሁለት ዕዳ።

ይህች ትንሽ ዕጢ የምትሠራው ሆርሞን ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ከጠጉር እስከ ጥፍር የሚዞር መልእክተኛ። ሆርሞኑ በራሱ ጉልበት አይሆንም። ጉልበቱ የሚመጣው ከምንበላው ነው። ምድጃ ውስጥ ኩበት ሞልቶ እሳቱ ግን የሚጨስበት ቤት አለ አይደል? እፍ የሚልለት ሲገኝ ነው ቦግ የሚለው። የታይሮይድ ሆርሞን እፍ ባዩ ነው። ወደ እያንዳንዱ ሕዋስ አስኳል ዘልቆ ይገባና «ይሄንን ሥራ ጀምር፣ ያንን ጨምር» ይላል። ልብ ምቷን ትጨምራለች፣ አንጀት ይንቀሳቀሳል፣ ሰውነት ይሞቃል፣ ቆዳና ጠጉር ይታደሳል፣ የልጅ አጥንትና አንጎል ያድጋል። እፍ ባዩ ሲጠፋ ኩበቱ እያለ እሳቱ ይዳከማል፤ ስለዚህ ሰውየው ትንሽ በልቶ ይወፍራል፣ ጸሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ይበርደዋል። እፍ ባዩ ሲበዛ ደግሞ ኩበቱ ወዲያው ያልቃል፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ በውርጭ ያልበዋል።

ሆርሞኖቹ ሁለት ናቸው፤ በስማቸው ውስጥ ያለው ቁጥር በውስጣቸው ያለው አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር ብዛት ነው። ቲ ፎር አራት አዮዲን ይዟል፣ ቲ ስሪ ሦስት። ዕጢዋ አብዝታ የምትልከው ቲ ፎርን ነው። ቲ ፎር ግን ከእነ ገለባው እንዳለ ገብስ ነው፤ እንዳለ አይበላም። ጉበት፣ ኩላሊትና ሌሎች አካላት ከአራቱ አዮዲን አንዷን ፈትገው ሲያነሱለት ነው ለሥራ የተዘጋጀው ቲ ስሪ የሚሆነው። ነገሩ ብልሃት አለው። ቲ ፎር ደም ውስጥ አንድ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው ግማሹ የሚያልቀው፣ ቲ ስሪ ግን በአንድ ቀን። ሰውነት ቶሎ የማይበላሸውን ይዞ ይዞርና እንደሚያስፈልገው መጠን እየፈተገ ይጠቀማል። ሰው በጠና ሲታመም ወይም ሲራብ ደግሞ ሰውነት ሌላዋን አዮዲን ያነሳል፤ ያን ጊዜ የሚገኘው የማይሠራ ቲ ስሪ ነው። በክፉ ቀን ማገዶ መቆጠብ ማለት ነው።

ጎተራም አላት። ዕጢዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እልፍ ከረጢቶች አሉ፤ በውስጣቸው ከሁለት እስከ ሦስት ወር የሚያዘልቅ ሆርሞን ተጠራቅሟል። ከሰውነታችን አካላት ውስጥ ሆርሞን በዚህ መጠን የሚያከማች ሌላ ዕጢ የለም። ለዚህም ነው ጉድለቱ በአንድ ሌሊት የማይታወቀው። ቀስ እያለ፣ እንደ ክረምት ጭጋግ ይገባል፤ ባል «ሰነፈች» ይላል፣ ጎረቤት «አረጀች» ይላል፣ ሴትየዋ ራሷ «ድካም ነው» ትላለች።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ውጤት ወረቀት ላይ ሰውን ሁሉ የሚያደናግረው እዚህ ላይ ነው።

ገደል ለገደል በሚኖርበት አገራችን ሰው ከሰው የሚጠራራበትን ዘዴ ታውቃላችሁ። አንዱ ከወዲህ ማዶ እጁን አፉ ላይ ደግኖ «አንተ እገሌ ሆይ!» ይላል። «አቤት!» ካልተባለ ደግሞ ጮክ አድርጎ ይጣራል። አሁንም ዝም ከተባለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። «አቤት!» ከተባለ ግን ዝም ይላል፤ ለምን ይጮኻል?

አንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል የአተር ፍሬ የምታክል ዕጢ አለች። ጠሪዋ እሷ ናት። ጥሪዋ ቲኤስኤች ይባላል። የታይሮይድ መልስ ቲ ፎርና ቲ ስሪ ነው። ደም ውስጥ በቂ ሆርሞን ካለ ፒቱታሪ «አቤት ተብያለሁ» ብላ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ሆርሞኑ ሲያንስ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ከእሷም በላይ ደግሞ ሃይፖታላመስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ፤ «ጥሪ» ብሎ የሚያዛት እሱ ነው።

እንግዲህ ቲኤስኤች ከፍ አለ ማለት ታይሮይድ ከፍ አለ ማለት አይደለም። ጩኸቱ በዛ ማለት ነው፤ ማለትም መልስ የለም፣ ታይሮይድ ደክማለች። ቲኤስኤች ዝቅ አለ ማለት ደግሞ ጠሪው ዝም አለ፣ ምክንያቱም ወዲያ ማዶ ሰውየው ሳይጠራ «አቤት! አቤት!» እያለ ነው፤ ሆርሞኑ በዝቷል። የብዙ ላብራቶሪዎች የቲኤስኤች ልክ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው። የመንዟ እናት ወረቀት ላይ 62 ይላል። ልጃቸው «ታይሮይዷ በጣም በዝቶ ነው አይደል?» አለችኝ። አይደለም፤ ጠሪው ጉሮሮው እየተሰነጠቀ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ በጨጓራና በደም ማነስ ሲያመላልሳቸው ኖሯል። ደም ማነሱ እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ የታይሮይድ ጉድለት ራሱ ደም ያሳንሳል፣ ገና የምታየዋንም ሴት የወር አበባ ያበዛባታል። የሆድ ድርቀቱ፣ የእግር እብጠቱ፣ የመርሳቱ፣ የድብርቱ፣ የኮሌስትሮሉ ነገርም እንዲሁ እየተነጣጠለ ለየብቻው ሊታከም ይችላል። ሁሉም ግን ከአንድ ምድጃ የወጣ ጭስ ሊሆን ይችላል። በአንድ የደም ጠብታ የሚለይ ነገር ሁለት ዓመት መፍጀቱ ያናድደኛል፤ መናደዴን አልደብቅም።

ይህን የጥሪ ነገር ከያዝን እንቅርቱ ለምን እንደሚያብጥ ራሱን ይገልጣል። ቲኤስኤች «ሥሪ!» ብቻ ሳይሆን «እደጊ!» የሚልም ጥሪ ነው። አዮዲን ሲጎድል ዕጢዋ ሆርሞን የምትሠራበት ዕቃ ታጣለች፤ ጠሪው ይጮኻል፤ እሷም ከደሙ ውስጥ ያለችውን ጥቂት አዮዲን ለቅማ ለመያዝ ትሰፋለች፣ ትተልቃለች። ብዙ ጊዜ ይሳካላታል፤ ስለዚህ አንገታቸው ትልቅ ሆኖ ሆርሞናቸው ልክ የሆነ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንቅርት የዕጢዋ ስንፍና ምልክት ይመስለናል እንጂ ብዙውን ጊዜ የትጋቷ ምልክት ነው።

አዮዲኑ ስንት ነው ቢሉ፣ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250። ቁጥሩ ምንም አይልም አይደል? እናባዛው። አንድ ሰው 70 ዓመት ቢኖር በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን አራት ግራም አይሞላም። አንዲት የሻይ ማንኪያ አትሞላም። ይህችኑ ታዲያ በአንዴ ውጦ መገላገል አይቻልም፤ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ መግባት አለባት።

ለምን ደጋ ላይ ትጎድላለች? አዮዲን መኖሪያው ባሕር ነው። ተራራማ መሬት ላይ ያለችዋን ደግሞ ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት እያጠበ ወደ ታች ወስዷታል። ከጣርማበር አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ቆላው የሚወርደውን ቀይ ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። አፈሩ ከሌለው ገብሱ የለውም፤ ገብሱ ከሌለው ባለ ገብሱም የለውም። በጓሮ የሚታፈሰው ጎመን ደግሞ ዕጢዋ አዮዲን እንዳትይዝ በመጠኑ የሚያውኩ ነገሮች አሉት። ጎመን ጠላት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሲቀቀል አብዛኛው ይጠፋል፣ አዮዲን የሚያገኝ ሰውም አይጎዳውም። «ጎመን በጤና» ያለው አልተሳሳተም። ችግሩ አዮዲን በሌለበት ቤት ያለው ምግብ እሱ ብቻ ሲሆን ነው።

ጨውስ? እዚህ ላይ አገራችን የራሷ ታሪክ አላት። በአያቶቻችን ዘመን ጨው ከአፋር በረሃ በግመል እየተጫነ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣ ነበር፤ አሞሌው ገንዘብ ሆኖ ይቆጠርበት ነበር። ያ ሁሉ ክብር የነበረው ጨው አዮዲን ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረውም። የባሕር ጨው ቢሆን እንኳ ሲደርቅ አዮዲኑ ብዙ አይቀርለትም፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። ስለዚህ አዮዲን በሰው እጅ መጨመር አለበት። ስዊዘርላንድ፣ እንደኛው ተራራማና እንቅርታም የነበረች አገር፣ አዮዲን ያለው ጨው ማከፋፈል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። እኛ ዘንድ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ይመጣ የነበረው በአብዛኛው ከኤርትራ ወደቦች በኩል ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ፊታችንን ወደ አፋሩ አፍዴራ ሐይቅ አዞርን። የአፍዴራ ጨው ደግሞ አዮዲን ሳይነካው ነበር ለገበያ የሚወጣው። ለሰው የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ልጆቻቸውን በእነዚያ በመካከለኞቹ ዓመታት የወለዱ እናቶች ብዙ ናቸው።

ይህ ለምን ያሳስባል? አንገት ቢያብጥ ያስጠላ ይሆናል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድልም። የሚያሳዝነው ማሕፀን ውስጥ ያለው ነው። ፅንሱ የራሱ ታይሮይድ ሥራ የምትጀምረው ከሦስተኛው ወር ገደማ በኋላ ነው፤ እስከዚያ አንጎሉ የሚሠራው በእናቱ ሆርሞን ነው። እናት እንኳ ማርገዟን ሳታውቅ የሚያልፍ ጊዜ ነው። በጣም ከጎደለ ልጁ መስማትና መናገር የተሳነው፣ አጭር፣ አእምሮው ያልዳበረ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። በትንሹ ከጎደለ ደግሞ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ትምህርት ላይ ብቻ ትንሽ ይጎተታል። መከላከል እየተቻለ አእምሮን ከሚጎዱ የዓለም ችግሮች ቀዳሚው የአዮዲን እጥረት ነው። አንገቷ ላይ ምንም የሌለባት ወጣት ሴት ይህ አይመለከተኝም ካለች ተሳስታለች።

አዮዲን እጥረት ግን ሁሉንም አያስረዳም። የመንዟ እናት በሽታ በብዙ አገር አዮዲን እየበሉ የሚይዝ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው፣ በስሙም የሚጠራው በሽታ እንዲህ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ ታይሮይዱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይወጋታል። ጠሪው ይጮኻል፣ ቤቱ ግን ፈርሷል፤ ማን «አቤት» ይበል? ሴቶችን ከወንዶች ብዙ እጥፍ ይይዛል፤ በቤተሰብም ይወርዳል።

ተቃራኒውም ከዚያው ከመከላከያ ኃይል ይመጣል፤ እሱ ደግሞ በአየርላንዳዊው በሮበርት ግሬቭስ ስም ይጠራል። እዚህ ላይ የሚሆነው ማጭበርበር ነው። ሰውነት የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ልክ የቲኤስኤችን ድምፅ አስመስሎ ይጣራል። እውነተኛው ጠሪ ዝም ብሏል፤ ሐሰተኛው ግን ቀን ከሌት አያርፍም፤ ዕጢዋ «አቤት! አቤት!» እያለች ሆርሞን ታዘንባለች። አንድ የጫጫ ልጅ ትዝ ይለኛል። በኅዳር ውርጭ በከናቴራ መጣ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ብሩን ቆጥሮ መስጠት አቃተው፣ ዓይኑ ፈጦ ወጥቷል፤ ሰፈር ውስጥ ግማሹ ሱስ ነው፣ ግማሹ ዛር ነው ብሎታል። እንደ በሬ እየበላ ሱሪው በገመድ ነው የታሰረው። ልቡ ተቀምጦም እንደሮጠ ሰው ነው የምትመታው። ይህ ቶሎ ካልታከመ የልብ ምት ያዛባል፣ ልብ ያደክማል።

ለእሱ ዓይነቱ እዚህ አገር በብዛት የሚታዘዘው ፒቲዩ ነው፤ ዕጢዋ አዮዲንን ከሆርሞኑ ጋር እንዳታያይዝ ይከለክላል። ጎተራዋ ሙሉ ስለሆነች ግን ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል፤ ልቡንና እጁን እስከዚያው የሚያረጋጋለት ፕሮፕራኖሎል አብሮ ይሰጠዋል። ፒቲዩን ለወሰደ ሁሉ በመስኮቷ አንገቴን አውጥቼ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም አብረው ከመጡ «ጉንፋን ነው» ብለህ አትተኛ፣ መድኃኒቱን አቁመህ ያኑ ቀን ደምህን ተመርመር። አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሕዋስን ያጠፋል፤ ሲያጠፋ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ሌላው መንገድ ጨረር ያለው አዮዲን መዋጥ ነው፤ አዮዲን የምትለቅመው ዕጢዋ ስለሆነች ጨረሩ እሷን ለይቶ ያገኛታል። ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው።

አሁን ወደ እናታችን ክኒን። ሌቮታይሮክሲን ማለት ራሱ ቲ ፎር ነው፤ ሰው ሠራሽ ይሁን እንጂ ከዕጢዋ ከሚወጣው የሚለይ አይደለም። ስለዚህ «ክኒን ለመደብኝ» የሚባል ነገር የለም፤ የጎደለውን መሙላት ነው። የክኒኑ ታሪክ ደግሞ በግ አርቢ ለሆነ አገር ሰው ይጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ1891 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ታይሮይዷ ለሞተባት የ46 ዓመት ሴት የበግ ታይሮይድ ጨምቆ በመርፌ ሰጣት። እያበጠች፣ እየቀዘቀዘች የነበረችው ሴት ተነሳች። ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች፤ ለእሷ ብቻ ከ870 በላይ በጎች ታይሮይድ ውሏል። ይህን ለእናታችን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። «870 በግ!» አሉ፤ በመንዝ ገበያ ዋጋ ሳያሰሉት አልቀሩም። «እኔን በዚህች ክኒን?»

በዚህች ክኒን፤ ግን አወሳሰዷ አስቸጋሪ ናት። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ቀድሞ።

«ቡናዬስ?»

«እማማ፣ ቡናውም ይቆያል።»

«ቡና ሳልጠጣ ራሴን ሲያመኝ ነው የሚውለው።»

ቡና ክኒኗ በደንብ ወደ ደም እንዳትገባ ያደርጋል፤ ቀልድ አይደለም። ሌላም ነገር ታየኝ። ፌስታላቸው ውስጥ ያኔ ክሊኒኩ የሰጣቸው የብረት ክኒን አለ፤ ሁለቱንም በአንድ ጉንጭ ውኃ ሊውጡ ነው ያሰቡት። ብረትና ካልሲየም ቲ ፎርን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል፤ አራት ሰዓት መራራቅ አለባቸው። ቀጥሎ የመጣው ጾም ነው፤ በዐቢይ ጾም ጠዋት ምንም ወደ አፋቸው አያስገቡም። ጠበል የሚጠጡ ሰዎችም በዚሁ ምክንያት ክኒኑን ለወራት ሲያቋርጡ አያለሁ፤ ጎተራው ባዶ ስለሆነ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብርዱም ድካሙም ይመለሳል። መፍትሔ ግን አለ፤ ሐኪሙ ከተስማማ ክኒኗ ማታ ከእራት ሦስት ሰዓት ቆይቶ፣ ሲተኙ ልትወሰድ ትችላለች። ለእኚህ እናት ያዳነን ይህ ነው፤ ጠዋቱን ለቡናቸውና ለጾማቸው ተውንላቸው። አንድ ቀን ቢረሱም አይደንግጡ አልኳቸው፤ ቲ ፎር ሳምንት የሚቆይ ነው። ደሙ የሚደገመው ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢመረመሩ ጠሪው ገና ጩኸቱን አልጨረሰም።

ቲኤስኤች ብቻውን የሚያታልልበት አንድ ቦታ አለ፤ በገጠር ስለሚያጋጥም ልናገረው። ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት፣ ከዚያ ወዲህ ጡቷ ወተት ያልያዘ፣ የወር አበባዋ ያልተመለሰ፣ ዘወትር የሚደክማትና የሚበርዳት ከሆነ፣ የተጎዳችው ጠሪዋ ፒቱታሪ ራሷ ልትሆን ትችላለች። ያን ጊዜ ቲ ፎር ዝቅ ብሎ ቲኤስኤች ልክ መስሎ ይታያል፤ ጠሪው ዲዳ ሆኗልና። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ቲ ፎርም አብሮ ይታይላት።

አንገታቸው ላይ ጓጓላ ላላቸው ደግሞ፤ አብዛኛው ጓጓላ ካንሰር አይደለም። ግን በአልትራሳውንድ ይታይ፣ ሐኪሙ ካለ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድ። በፍጥነት የሚያድግ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ድምፅ የሚዘጋ፣ ሲውጡ ወይም ሲተኙ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም። የዕድሜ ልክ እንቅርት ያለባቸው አዛውንት በድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኙ ጓጓላው ብቻውን ከጥሪ ውጭ መሥራት ሊጀምር ይችላል፤ አዮዲን በራስ ሥልጣን እየገዙ መጠጣት የማይመከረው ለዚህ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ድምፁን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዕጢዋ ጀርባ እንደሚያልፍ፣ ካልሲየም የሚቆጣጠሩ አራት የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ ዕጢዎችም እዚያው እንደተለጠፉ ይወቅ፤ ሐኪሙን ስለ ሁለቱም ይጠይቅ። ከቀዶው በኋላ ጣትና ከንፈር መደንዘዝ ከጀመረ ካልሲየም ወርዶ ይሆናል፤ ለነርሷ ወዲያው ይነገር።

የጨዉን ነገር ሳልጨርስ። አዮዲን ያለው ጨው ጣዕሙም ሽታውም እንደ ሌላው ነው፤ የሚታወቀው ከጽሑፉ ነው። እርጥበት፣ ጸሐይና ሙቀት አዮዲኑን ያባክኑታል። ድፍን ጨው ገዝቶ ማጠብ አዮዲኑን ማጠብ ነው። ከበርበሬው ጋር መቁላትም ከፊሉን ያጠፋል። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከእሳት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ነው። ጨው ማብዛት ደግሞ አያስፈልግም፤ ለደም ግፊት ጠላት ነው፤ የተለመደው መጠን አዮዲን ካለው ይበቃል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነግሬያታለሁ፣ ስንት ጊዜ። ባለፈው እሑድ ቤት ስገባ የጨው ቅሏ እንደ ድሮው ከምድጃው ጎን፣ አፏን ከፍታ ተቀምጣለች። አነሳኋትና መደርደሪያ ላይ አደረግኳት። እናቴ ወጡን እያማሰለች «ጨዉን የት ወሰድከው?» አለችኝ። ነገርኳት። «እዚያ ድረስ ማን ይመላለሳል?» ብላ መልሳ አመጣቻት፤ ክዳን ግን ከደነችላት።